ሳን ካሊስቶ ካታኮምብ፣ ሮማ፦ አክስቴን ይዤ የወረድኩበት ሐሙስ

ሮማ ለምትኖሩም ለጉብኝት ለምትመጡም ይጠቅማል ብዬ ነው ይሄን የምጽፈው፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። እዚህ ከተማ 11 አመቴ ነው፣ አንዲት በእድሜ የገፉ ሴትዮ ቤት ባዳንቴ (ተንከባካቢ) ሆኜ ነው የምሰራው፣ እረፍቴ ሐሙስ ከሰአትና እሁድ ብቻ ነው፣ ስለዚህ አንድ ከሰአት ከባከነብኝ ሳምንቱን ሙሉ ይቆጨኛል። በቅርቡ አክስቴ ከአዲስ አበባ ለሶስት ሳምንት መጥተው ነበር፣ ቫቲካን ሄድን፣ ኮሎሴዎን ከውጪ አየን፣ ከዛ "እስቲ የጥንቶቹ ክርስቲያኖች የነበሩበት ቦታ ውሰጂኝ" አሉኝ። ሳን ካሊስቶ ካታኮምብ ወሰድኳቸው፣ ከመሬት ስር የተቆፈረ የጥንት ክርስቲያኖች መቃብር ነው። ከአምስት ኮከብ አምስት ነው የምሰጠው፣ ግን ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ካታኮምብ ማለት ምን እንደሆነ እስከዛ ቀን ድረስ ተሳስቼ ነው የኖርኩት፣ ስሳሳት ደግሞ የተሳሳትኩት ስለ ቦታው ብቻ አልነበረም።

ከ6 አመት በፊት አንድ የቱር ድርጅት በባስ ይዞን ዞሮ ነበር፣ ስሙን አልጠራም፣ ጋይዱ በማይክ ምን አለን መሰላችሁ፣ ክርስቲያኖች 300 አመት ሙሉ ከመሬት ስር ተደብቀው ኖሩ፣ እዛው በሉ እዛው ጠጡ እዛው ሞቱ። እኔም አመንኩ፣ ደስ ብሎኝ ነው ያመንኩት። "ከዓለም አይደሉም" የሚለውን የዮሐንስ ወንጌል ቃል እንደዛ ነበር የምረዳው፣ ጥለህ ውረድ፣ ተሸሸግ፣ ከማንም ጋር አትነካካ። ያኔ የምኖርበት ፎቅ ላይ ያሉ ጎረቤቶቼን ስም አላውቅም ነበር፣ ጣልያንኛዬም ለገበያና ለመድሃኒት ቤት የሚበቃ ብቻ ነበር፣ ገንዘብ እልካለሁ እሁድ ቤተክርስቲያን እሄዳለሁ በቃ፣ እኔ እዚህ እንግዳ ነኝ እያልኩ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ እንደመኖር ነበር። ይሄን ነገር መንፈሳዊነት አድርጌ ነው የያዝኩት።

አካሄዱን ልንገራችሁ። ቲኬት ከሌላ ሳይት ኦንላይን አትግዙ። እኔ "ወረፋ የለውም፣ ጋይድ ይቀበላችኋል" የሚል አይቼ ለሁለታችን 70 ዩሮ ከፈልኩ፣ በተባለው ሰአት በተባለው ቦታ ማንም የለም፣ ስልክ አይነሳም፣ ብሬን እስካሁን አላገኘሁትም። እዛው ግቢው ውስጥ ካለው ቲኬት መሸጫ ለአንድ ሰው 10 ዩሮ ከፍለን ነው የገባነው፣ ጋይዱ ከቲኬቱ ጋር ነው፣ ያለ ጋይድ መውረድ አይፈቀድም። ከሳን ጆቫኒ 218 ቁጥር ባስ ይዛችሁ ፎሴ አርዴያቲኔ ውረዱ፣ ከዛ በእግር ቅርብ ነው፣ በአፒያ መንገድ በኩል የሚመጣው 118ም አለ። ረቡዕ ዝግ ነው። በኛ አቆጣጠር ጠዋት ከ3 እስከ 6፣ ከሰአት ከ8 እስከ 11 ነው የሚሰራው፣ መሃል ላይ ይዘጋል። በበጋ ብትሄዱም ሹራብ ወይ ጋቢ ያዙ፣ ውስጡ 16 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ትልልቅ ሰዎች ካሉ ግን ደረጃ እንዳለው አስቡበት፣ አክስቴ እየተደገፉኝ ነው የወጡት። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፣ ይሄን ወድጄዋለሁ፣ መቃብር ነው እኮ።

ከመግቢያው እስከ መውረጃው ያለው መንገድ ግራና ቀኙ የፈረንጅ ጥድ ነው፣ ፀጥ ያለ፣ አክስቴ ገና ሲያዩት "ደብር ግቢ የገባሁ መሰለኝ" አሉ። ደረጃው ጫፍ ላይ ሲደርሱ ነጠላቸውን መስቀለኛ አደረጉ። ያስጎበኙን ሸምገል ያሉ ካህን ነበሩ፣ ግሩፑ የጣልያንኛ ስለሆነ እኔ ለአክስቴ በሹክሹክታ እተረጉምላቸዋለሁ፣ እና የካህኑ የመጀመሪያ ቃል ምን ነበር መሰላችሁ፣ "እዚህ ማንም አልኖረም።"

ነገሩ እንዲህ ነው። በሮማ ህግ አስከሬን ከተማ ውስጥ መቅበር ክልክል ነበር፣ ስለዚህ አህዛቡም አይሁዱም ክርስቲያኑም የሚቀብረው ከከተማው ቅጥር ውጪ በየመንገዱ ዳር ነው። ቦታውን መንግስት ያውቀዋል፣ የተደበቀ ነገር የለም። እንደውም በፈረንጅ አቆጣጠር በ257 (ከዚህ በታች ያሉት አመታትም እንደዛው ናቸው) ቄሳር ቫሌሪያን ክርስቲያኖች መቃብር ቦታቸው ላይ እንዳይሰበሰቡ አዋጅ አወጣ፣ በአመቱ በ258 የሮማው ጳጳስ ሲክስቶስ ከአራት ዲያቆናት ጋር እዚሁ መቃብር ቦታ ላይ ተይዞ ተገደለ። የማይታወቅ መደበቂያ ቢሆን ኖሮ "እዛ አትሂዱ" የሚል አዋጅ ምን ያደርጋል? አክስቴ በጆሮዬ "ታዲያ የት ነበር የሚኖሩት?" አሉኝ። ከተማ ውስጥ ነዋ እትዬ፣ እንደማንኛውም ሰው፣ ፎቅ ላይ ተከራይተው፣ ከገበያ እየገዙ፣ አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና "እንደኛው ማለት ነው" አሉ።

ስለ ግድግዳው ልንገራችሁ ምክንያቱም ዋናው ነገር እሱ ነው። ድንጋዩ ቱፎ ይባላል፣ ከእሳተ ገሞራ አመድ የተጠናከረ፣ ሲቆፍሩት ለስላሳ ነው አየር ሲያገኘው ይጠነክራል፣ ለዛ ነው በእጅ መቆፈሪያ ብቻ ያን ሁሉ የሰሩት፣ መተላለፊያው በአራት ደረጃ ወደታች ተደራርቦ ወደ 20 ኪሎሜትር ይሆናል፣ እኛ የምናየው ትንሹን ነው። ግራና ቀኙ ከላይ እስከ ታች መደርደሪያ ነው፣ አንድ ሰው ጋደም የሚልበት ጉድጓድ አንዱ ባንዱ ላይ። አስከሬኑ በከፈን ተጠቅልሎ ይገባና ፊቱ በጡብ ወይ በእብነበረድ ተደፍኖ በኖራ ይለጠፋል። ድንጋይ ላይ ስም ለማስቀረጽ አቅም የሌለው ደግሞ ኖራው ሳይደርቅ ሳንቲም ወይ የብርጭቆ ስባሪ ወይ የልጅ መጫወቻ ይተክልበታል፣ ሲመለስ መቃብሩን እንዲለየው። የልጆቹ ብዙ ነው። ትንንሽ ናቸው፣ በትልልቆቹ መሃል ክፍተት በተገኘበት ሁሉ የተቆፈሩ፣ አክስቴ አንዱ ጋ ቆመው ሳይነኩት ክንዳቸውን ዘረጉና ለኩት፣ ከክርናቸው እስከ ጣታቸው ጫፍ ነው። እሳቸውም አንድ ልጅ ቀብረዋል፣ ድሮ ነው። ግሩፑ አልፎን ሄዶ ካህኑ ተመልሰው እስኪጠሩን ድረስ አልተንቀሳቀሱም።

ከዛ ካህኑ ድንጋይ ላይ ያለ አጭር ጽሁፍ አሳዩን፣ ሶስት ፊደል ብቻ፣ ዴፕ ይላል። ዴፖዚቱስ የሚለው ቃል ምህጻረ ነው አሉ፣ የተቀበረ ማለት ቢሆንም ቃሉ ራሱ ባለቤቱ መጥቶ እስኪወስደው ድረስ የተቀመጠ ንብረት የሚባልበት ነው። እኔ ለአክስቴ ልተረጉም ቃል አላጣሁም፣ "አደራ" አልኳቸው። ስሙ ተጽፎ፣ ከስሙ ስር አደራ። መቃብር ቦታውንም የሚጠሩበት የግሪክኛ ቃል መኝታ ቤት ማለት ነው። እና አስቡት፣ ከላይ በአፒያ መንገድ ዳር የሮማ ሃብታሞች ህንጻ የሚያህል መቃብር ለራሳቸው ሰርተዋል፣ አንዳንዱ ዛሬም ቆሟል፣ ከስር ደግሞ እነዚህ ስም ብቻ፣ ብዙዎቹ ስምም የላቸውም።

ስለ ሰማዕቷ ቅድስት ሴሲሊያ ክፍል ብዙ አልልም፣ ሃውልቱ ቆንጆ ነው፣ ዋናው ትራስቴቬሬ ሰፈር ባለው ቤተክርስቲያኗ ነው ያለው ይሄ ግልባጭ ነው፣ ሰው ሁሉ እዛ ነው ተጨናንቆ የሚቆመው። እኔን የያዘኝ ከሱ አጠገብ ያለው የጳጳሳቱ ክፍል ነው። ትንሽ ክፍል ናት፣ በ3ኛው ክፍለ ዘመን የሮማን ቤተክርስቲያን የመሩ ዘጠኝ ጳጳሳት የተቀበሩባት፣ ለብዙ መቶ አመታት ተረስታ ቆይታ ደ ሮሲ የሚባል ተመራማሪ በ1854 ነው ያገኛት። የአምስቱ ስም ያለበት ድንጋይ እስከዛሬ አለ፣ ጶንጥያኖስ፣ አንቴሮስ፣ ፋብያኖስ፣ ሉቅዮስ፣ ኤውጢክያኖስ። እና ጽሁፉ በግሪክኛ ነው! በላቲን አይደለም። የሮማ ጳጳሳት፣ በሮማ ከተማ፣ መቃብራቸው ላይ የተጻፈው በስደተኛ ቋንቋ ነው፣ ምክንያቱም የሮማ ክርስቲያኖች መጀመሪያ አካባቢ አብዛኞቹ ከምስራቅ የመጡ ሰዎችና ባሪያዎች ነበሩ፣ ሲጸልዩም ሲጻጻፉም በግሪክኛ ነበር። እኛ እሁድ እሁድ በአንድ ፓሮኪያ አዳራሽ ውስጥ በግእዝና በአማርኛ ስንቀድስ ሁልጊዜ የሰው ቤት ውስጥ እንዳለን እየተሰማኝ አንገቴን ደፍቼ ነበር የምገባው፣ እዛች ክፍል ውስጥ ቆሜ ያን የግሪክኛ ፊደል ሳይ አንገቴ ቀና አለ።

ፓሮኪያ የሚለውን ቃል ካነሳሁ አይቀር። ከዛ ቀን በኋላ ሴትዮዋ ከሰአት ሲተኙ በስልኬ ማንበብ ጀመርኩ። በ96 አካባቢ ከሮማ ወደ ቆሮንቶስ የተላከ ደብዳቤ አለ፣ የቀሌምንጦስ የሚባለው፣ ሲጀምር "በሮማ በእንግድነት የምትኖር የእግዚአብሔር ቤተክርስቲያን፣ በቆሮንቶስ በእንግድነት ለምትኖር" ብሎ ነው የሚጀምረው። በእንግድነት መኖር የሚለው የግሪክኛ ቃል ነው ፓሮኪያ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የኤፌሶን መልእክት ላይ "እንግዶችና መጻተኞች" የሚለው መጻተኛ፣ እሱ ነው ቃሉ፣ በአንድ ከተማ የሚኖር ግን የከተማው ዜግነት የሌለው ሰው። ጣልያኖቹ ዛሬ ፓሮኪያ ሲሉ የሰፈር ቤተክርስቲያን ማለታቸው ነው፣ ቃሉ ግን የመጻተኞች ሰፈር ነበር። እኔ ደግሞ ቦርሳዬ ውስጥ ሶጆርኖ ይዤ ነው የምዞረው፣ የቆይታ ፈቃድ ማለት ነው፣ በየጊዜው የሚታደስ። እነሱ ሶጆርኗቸውን የስማቸው መጀመሪያ ላይ ጻፉት፣ ሳያፍሩ። ይሄን ያነበብኩ ቀን ባስ ውስጥ ነበርኩ፣ ፌርማታዬን አልፌ ሄድኩ።

ሌላም አለ፣ ዲዮግኔጦስ ለሚባል ሰው የተጻፈ ደብዳቤ፣ ጸሃፊው ስሙን አልጻፈም፣ አብዛኞቹ ምሁራን ከ2ኛው ክፍለ ዘመን ነው ይላሉ። የተረፈው አንድ ቅጂ ብቻ ነበር፣ በ1436 አካባቢ ቁስጥንጥንያ ውስጥ አሳ መሸጫ ቤት ከመጠቅለያ ወረቀት ጋር ተቀምጦ ነው የተገኘው፣ በኋላ ስትራስቡርግ ገብቶ በ1870 በፈረንሳይና በፕሩሺያ ጦርነት ቤተመጻህፍቱ ሲቃጠል አብሮ ተቃጠለ፣ ደግነቱ ቀድሞ ተገልብጦ ነበር። ሃሳቡ ባጭሩ፣ ክርስቲያኖች በአገርም በቋንቋም በአለባበስም ከሌላው ሰው አይለዩም፣ የራሳቸው ከተማ የላቸውም፣ በተወለዱበት አገር እንደ መጻተኛ ይኖራሉ፣ እንደ ዜጋ ሁሉን ይካፈላሉ እንደ ባዕድ ሁሉን ይችላሉ፣ የሰው አገር ሁሉ አገራቸው ነው አገራቸውም ሁሉ የሰው አገር ነው። ያገባሉ ይወልዳሉ፣ የወለዱትን ግን አውጥተው አይጥሉም (ያኔ በሮማ ያልተፈለገ ህጻን ሜዳ ላይ መጣል የተለመደ ነበር)። እዛ ግድግዳ ላይ ያለውን የክንድ ርዝመት መቃብር አስቡት እንግዲህ። ሌላው የሚጥለውን እነሱ በአደራ ነው ያስቀመጡት።

ይሄን ማታ ቡና አፍልተን ለአክስቴ ሳወራላቸው "አገራቸውም የሰው አገር ነው" የሚለው ላይ አስቆሙኝ። እኔ ይሄ ስሜት የስደተኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን ሰፈራቸው ፈርሶ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ከገቡ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ሆነው እንደዛ እንደሚሰማቸው ነገሩኝ፣ "የተወለድኩበት ከተማ ባስ ውስጥ ተቀምጬ፣ የት ነው የምወርደው ብዬ ሰው እጠይቃለሁ" አሉ። ሲያወሩ ምሬት የለባቸውም። "አገሬ ነው እወደዋለሁ፣ ግን ማረፊያዬ አይደለም፣ ይሄን ማወቅ ደግሞ አይከፋም ልጄ" አሉኝ።

አሁን ስለ ካሊስቶስ፣ ቦታው የሚጠራበት ሰውዬ። ባሪያ ነበር። ታሪኩን የጻፈው ተቃዋሚው ሂፖሊጦስ ስለሆነ ሁሉን እንዳለ መውሰድ አይቻልም፣ ግን እንደሱ አባባል የጌታውን የባንክ ስራ ይዞ ገንዘቡ ጠፋበትና ሸሸ፣ ተይዞ ወፍጮ እንዲገፋ ተደረገ፣ በኋላም ሰርዴኒያ ማዕድን ማውጫ ተላከ። ከዛ ተፈትቶ መጣና ጳጳሱ ዘፊሪኖስ የመቃብር ቦታውን አስተዳዳሪ አድርጎ ሾመው፣ በ217 ደግሞ ራሱ የሮማ ጳጳስ ሆነ። ከማዕድን ጉድጓድ የወጣ ሰው የድሆችን ጉድጓድ እንዲያስቆፍር ተሾመ። እና እሱ ራሱ እዚህ አልተቀበረም፣ መቃብሩ አውሬልያ መንገድ በኩል ሌላ ቦታ ነው። ከእሱ ከ150 አመት በኋላ የመጣው ጳጳስ ዳማሱስ ደግሞ እዛች የጳጳሳቱ ክፍል ውስጥ በድንጋይ ግጥም አስቀርጿል፣ መጨረሻው ላይ እኔም እዚህ መቀበር ፈልጌ ነበር፣ ግን የቅዱሳኑን አመድ መረበሽ ፈራሁ ይላል። በስልጣን ላይ ያለ ሰው እንዲህ ሲል መስማት ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ካህኑ "ይሄ ሁሉ ቁፋሮ በማን ገንዘብ ይመስላችኋል?" ብለው ጠየቁ። ማንም አልመለሰም። ከዛ ጠርጡልያኖስ የሚባል የካርቴጅ ክርስቲያን ጸሃፊ በ197 አካባቢ ለሮማ ሹማምንት የጻፈውን ነገሩን። በወር አንድ ቀን እያንዳንዱ ሰው ትንሽ ነገር ያዋጣል፣ ከፈለገ፣ ከቻለ፣ ማንም አይገደድም። ገንዘቡ ድሆችን ለመመገብና ለመቅበር ነው፣ እናት አባት ለሌላቸው ልጆች፣ ቤት ለዋሉ ሽማግሌ ባሪያዎች፣ መርከባቸው ለሰጠመባቸው፣ በእምነታቸው ምክንያት ማዕድን ማውጫና እስር ቤት ላሉ። ይሄን ተርጉሜ ሳልጨርስ አክስቴ ድምጻቸውን ዘለግ አድርገው "እድር ነዋ!" አሉ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ካህኑ ምን አሉ ብለው ጠየቁኝ፣ እኔም እድር ምን እንደሆነ በጣልያንኛ አስረዳሁ፣ በወር ማዋጣቱን፣ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ለቀስተኛ ቤት ንፍሮ ይዞ መሄዱን፣ ሶስት ቀን አብሮ መቀመጡን። ግሩፑ ቆሞ ነበር የሚሰማኝ። 11 አመት ሙሉ በጣልያንኛ እንደዛ ረጅም ነገር ተናግሬ አላውቅም።

ጠርጡልያኖስን ቤት ሄጄ አነበብኩት። እኛ ጫካ ገብተው ከሰው ኑሮ እንደሸሹት የህንድ ባህታውያን አይደለንም ይላቸዋል፣ ገበያችሁ፣ ስጋ ቤታችሁ፣ መታጠቢያችሁ፣ ሱቃችሁ፣ ማረፊያ ቤታችሁ ውስጥ አብረናችሁ ነን፣ አብረን እንሳፈራለን አብረን እናርሳለን። ለጣኦት የሚጤስ እጣን ግን አንገዛም፣ የአረብ ነጋዴ ከገበያ ወጣሁ ብሎ ቢያማርር ግን ይወቀው፣ ለአማልክት ከሚጨሰው ይልቅ የኛን ሙታን ለመቅበር የሚወጣው እጣን ይበልጣል። ይቺን ለአክስቴ ሳነብላቸው እጃቸውን አጨበጨቡ። ሁሉንም ነገሩን ግን አልቀበለውም፣ ሌላ ቦታ ላይ ክርስቲያን አስተማሪ መሆን የለበትም ይላል፣ ምክንያቱም ትምህርቱ በአማልክት ታሪክ የተሞላ ነው፣ መማር ግን ይችላል ይላል። ታዲያ ሁሉም እንደሱ ቢል ማን ያስተምረው ነበር? ግን ጥያቄው ራሱ እውነተኛ ነው። በሰው ከተማ ስትኖር የቱ ስራ ያንተ ነው የቱ አይደለም፣ በየቀኑ መወሰን አለብህ፣ ዋሻ ውስጥ ብትገባ ይሄ ጥያቄ አይመጣም ነበር። ጌታም "ከክፉ እንድትጠብቃቸው እንጂ ከዓለም እንድታወጣቸው አልለምንም" ነው ያለው፣ ያን ቁጥር ስንት ጊዜ አንብቤ አልፌዋለሁ።

በጣም የነካኝ ግን ሄርማስ ነው። ሮማ ውስጥ የኖረ፣ ባሪያ ሆኖ ተሽጦ የነበረ ሰው ነው፣ በ2ኛው ክፍለ ዘመን። መጽሐፉ ወደ ግእዝ ተተርጉሞ እኛ ጋ ተጠብቆ ኖሯል፣ በ1860 ላይፕዚግ ታትሟል፣ አባቶቻችን ይሄን የሮማ ስደተኛ ከሩቅ ሆነው አንብበውታል ማለት ነው። መጽሐፉ ውስጥ በራዕይ የሚታየው እረኛ እንዲህ ይለዋል፦ የምትኖሩት በባዕድ ከተማ መሆኑን ታውቃላችሁ፣ የናንተ ከተማ ከዚህ ሩቅ ነው፣ ታዲያ እዚህ እርሻና ውድ እቃና ቤት የምታከማቹት ለምንድን ነው? የዚህ ከተማ ጌታ በህጌ ካልኖርክ ውጣ ቢልህ እርሻህን ምን ልታደርገው ነው? እዚህ ድረስ ሳነብ የተለመደው ስብከት መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ ያለው ነው፦ በእርሻ ፈንታ የተጨነቁ ነፍሳትን ግዙ፣ ባልቴቶችንና ወላጅ አልባዎችን ጎብኙ፣ ሃብታችሁን እንዲህ ባለው እርሻና ቤት ላይ አውሉ። አትግዛ አላለውም፣ ግዛ ነው ያለው፣ የሚገዛውን ነው የቀየረለት። እኔ 11 አመት ሙሉ አገር ቤት ቦታ ልግዛ ኮንዶሚኒየም ልግዛ እያልኩ ሳሰላ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ሁላችንም ነን፣ ክፉ ነገር ነው አልልም፣ ግን ባዳንቴ የሆንኩላቸውን ሴትዮ እጃቸውን ይዤ ሳስተኛቸው "ይሄም ግዢ ነው" ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ጉብኝቱ 40 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ከኋላ ሌላ ግሩፕ ስለሚከተል ጋይዱ ብዙ አያስቆምም፣ ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ትንሽ አንብባችሁ ሂዱ፣ ቢያንስ የዲዮግኔጦሱን ደብዳቤ፣ አጭር ነው። ሲቻል ትልቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ከሰአት ስትገቡ ግሩፑ ትንሽ ነው፣ እኛ 12 ሰው ነበርን።

አክስቴ አገር ቤት ከተመለሱ በኋላ ደወሉልኝ። የድሮው ሰፈር እድር ሰዉ ከተበተነም በኋላ አልፈረሰም፣ በወር አንዴ ከየኮንዶሚኒየሙ በታክሲ እየመጡ ይሰበሰባሉ። እዛ ላይ ሮማ ያዩትን አወሩላቸውና አንድ ሰውዬ "ወርሃዊው ስንት ነበር?" ብሎ ጠየቃቸው። እኔም እትዬ የቻለ ነው የሚሰጠው፣ ያልቻለ አይገደድም፣ ግን ይቀበራል፣ ብዬ መለስኩላቸው። ስልኩ ላይ ዝም አሉ። ከዛ መዋጮ ስድስት ወር ስላልከፈሉ ከመዝገብ የተሰረዙ አንዲት ባልቴት እንዳሉ ነገሩኝ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ተነስተው ሊናገሩላቸው ነው።